ውድቀት የመግቢያ ፈተና የሆነበት ሙያ

እስቲ አንድ ጥያቄ፡፡ ሐኪም ለመሆን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፡፡ መሐንዲስ ለመሆንም እንዲሁ፡፡ ግንበኛ፣ አናጺ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ለመሆንስ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መውደቅ ያስፈልጋል! በዚህ አገር ለአንድ ተማሪ የሙያ በር የሚታየው ሌላው በር ሁሉ ከተዘጋበት በኋላ ነው፡፡ ከዚያ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ቁልፍ ስንረከብ ግድግዳው ለምን ተንጋደደ፣ ቧንቧው ለምን ያፈስሳል ብለን እናማርራለን፡፡

ነገሩ የቆየ ነው፡፡ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ለመሰናዶ ያልበቃ ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ነበር፡፡ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2011 ዓ.ም በኋላ ሲቀር ማጣሪያው ወደ 12ኛ ክፍል ተሻገረ፡፡ ወንፊቱ ቦታ ቀየረ እንጂ ሥራው ያው ነው፤ ያለፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ የቀረው ወደ ሙያ፡፡

የቀረው ስንት ነው? በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፡፡ 3.3 በመቶ ማለት ነው፡፡ በ2017 ተሻሻለ ተብሎ 8.4 በመቶ ሆነ፡፡ ከወደቁት የተወሰኑት በሪሚዲያል ሌላ ዕድል አግኝተዋል፤ ይሁን፡፡ ሌላውስ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ አንድ ሚስማር ሳናስመታ ያሰናበትነው ወጣት የት ገባ?

ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፡፡ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አንዱ ሳይት በር ብቅ በሉ፡፡ ካቦው ጣቱን እየቀሰረ “አንተ፣ አንተ፣ አንተ ግባ” ሲል ከሚገቡት መካከል የአምና ተማሪ አይጠፋም፡፡ ብሎኬት ይሸከማል፣ አሸዋ ይነፋል፣ ሶሌታ ሲሞላ አርማታ ያቀብላል፡፡ ማታ የቀኑን ሒሳብ ተቀብሎ ይሄዳል፡፡ ስሙን የመዘገበ የለም፡፡ ቱምቢ አስይዞ “ቀጥ ማለቱ የሚታየው እንዲህ ነው” ያለውም የለም፡፡ ዕድል ከቀናው አንድ ግንበኛ ወዶት ረዳት ያደርገዋል፤ ከዓመታት በኋላ እያየ የሰረቀው ሙያ ይኖረዋል፡፡ ካልቀናው በ40 ዓመቱም ብሎኬት ተሸካሚ ነው፡፡

ስለዚህ “ተማሪን ከክፍል አውጥታችሁ የቀን ሠራተኛ ልታደርጉት ነው?” የሚሉን ሰዎች ዘግይተዋል፡፡ ልጁ ሳይት ላይ ነውኮ! ምርጫው በክፍልና በሳይት መካከል አይደለም፡፡ ምርጫው በሚያስተምር ሳይትና ጉልበት ብቻ በሚመጥ ሳይት መካከል ነው፡፡

ሙያው እንደሆነ ድሮም የተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው፡፡ ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ካቦ… እነዚህን የጣሊያን ቃላት ግንበኞቻችን ከመማሪያ መጽሐፍ አልሸመደዷቸውም፤ ሥራ ላይ ከአፍ ለአፍ ተቀባብለው እዚህ አደረሷቸው እንጂ፡፡ ልምምድ ሞልቶናል፡፡ የጎደለን ውል ነው፡፡

እሱም ቢሆን ሕግ አጥቶ አይደለም፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት የሞላው ሰው ሙያ ለመልመድ ከአሠሪ ጋር በጽሑፍ እንዲዋዋል ይፈቅዳል፤ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለው ክፍያ፣ የሥራው ሁኔታ ውሉ ላይ እንዲሰፍሩ ያዛል፡፡ ወጣት ሠራተኛን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት ክልክል ነው፤ የሌሊት ሥራም እንዲሁ፡፡ የልጁ ደኅንነት ያሳሰበው ሰው ውሉን ይጠይቅለት፡፡ ዛሬ በካቦው ጣት የሚገባውን ልጅ ከፎቅ ቢወድቅ ማን ይጠየቅለታል?

“ትብብር ሥልጠና አለ አይደል?” ትሉኝ ይሆናል፡፡ አለ፡፡ 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋም ይሁን የሚለው ሐሳብ ዓመታት አስቆጥሯል፡፡ የዚህ ሐሳብ አገር በሆነችው ጀርመን ለማጁ በቅድሚያ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፣ በየወሩ ክፍያ ያገኛል፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው፡፡ እኛ ጋ ግን ሰልጣኙ “ድርጅት ፈልግ” ተብሎ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይታቀፍና ሳይት ለሳይት ይዞራል፡፡ ጀርመናዊው የድርጅቱ ሰው ነው፤ የእኛው ያልተጠራ እንግዳ፡፡ እንግዳን ደግሞ ሻይ እንጂ ሥራ አያስይዙትም!

ኮንትራክተሩም የራሱ ክርክር አለው፤ “አስተምሬው ለሌላ ይሄድብኛል” ይላል፡፡ እውነቱን ነው፤ አንዱ ብቻውን ካስተማረ ይከስራል፡፡ ሁሉም ቢያስተምርስ? መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል የሚያሠራው መንግሥት ነው፡፡ ጨረታው ላይ “ይህን ያህል ለማጅ ተቀበል፤ ክፍያቸው፣ የራስ ቆባቸውና ኢንሹራንሳቸው ከሥራው ዋጋ ጋር ይያዛል” ብሎ ቢጽፍ ማን ከጨረታ ይቀራል? ተማሪው ደግሞ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ፣ ሳይወድቅ፣ ፈልጎ ይመዝገብ፡፡ በሳምንት ሁለት ቀን ሳይት፣ ሦስት ቀን ክፍል፡፡ የ12ኛ ክፍል ፈተናውንም ይውሰድ፤ ካለፈ ሶሌታ ሲሞላ ያየ መሐንዲስ ይወጣዋል፡፡ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከወጣቶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሙያ መንገድ ነው የሚያልፉት፤ የከፍተኛ ትምህርት በርም አይዘጋባቸውም፡፡

የመጨረሻው ክርክር የንቀት ነው፡፡ ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም ነበር፡፡ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፡፡ “ቀጥቃጭ” የሚለውን ስድብ በአደባባይ መናገር ነውር ሆነ፤ በምትኩ “ውጤት ካልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይግባ” የሚል ጨዋ ስድብ ተገኘ፡፡ ይህንን የምንለው እኛው ነን፤ ዲግሪያችንን ግድግዳ ላይ የሰቀልን፣ ግድግዳውን ማን እንደሠራው ግን የማናውቅ፡፡

በዓመት አንዴ “ሙያ ክቡር ነው” የሚል ባነር መስቀል ይብቃን፡፡ ክብር በባነር አልመጣም፤ በተፈረመ ውል፣ በወር ክፍያና ከፈተናው በፊት በሚከፈት በር ነው የሚመጣው፡፡