ከአሜሪካ የመጣው ስልክ ለምን ሲም አልቀበል አለ?

ለበዓል ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ ከሻንጣው ከማይጠፉት ነገሮች አንዱ ሞባይል ነው። ልጅ ለእናቱ፣ የልጅ ልጅ ለአያቱ ይልካል። ስልኩ ያምራል፤ የአገራችን ሲም ሲገባበት ግን አልቀበልም ይላል። የሰፈሩ ሞባይል ጠጋኝ አገላብጦ አይቶ «ሎክ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ቅሬታው ይከተላል። እናት «የማይሠራ ዕቃ ላከልኝ» ብላ ታዝናለች፤ ልጅ ደግሞ «ደህና ስልክ ልኬ ምስጋና አጣሁ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ከሁለቱም አጥፊ የለም። የስልኩ ዕዳ ተከፍሎ አለማለቁን ማንም አልጠየቀም እንጂ።

እኛ አገር በአብዛኛው ስልኩን የሚሸጠው ሌላ፣ ሲሙን የሚሰጠው ሌላ ነው። ከፍለን ከሱቅ ይዘነው የወጣነው ስልክ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ይቀበላል። በአሜሪካ ግን ብዙ ሰው ስልክ የሚወስደው ከራሱ ከአገልግሎት ሰጪው ኩባንያ በዱቤ ነው። ዋጋው ለ24 ወይም ለ36 ወር ተከፋፍሎ ከወርኃዊው የስልክ ሂሳብ ጋር ይከፈላል። ኩባንያውም ስልኩ የሌላ ድርጅት ሲም እንዳይቀበል አድርጎ ይቆልፈዋል። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» እንደሚባለው፣ በእጅ ቢያዝም ስልኩ ገና ሙሉ በሙሉ የልጅዎ አይደለም።

«በነፃ አገኘሁት» የሚባለው ስልክም ያው ነው። ቅናሹ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በየወሩ ከሂሳቡ ላይ ጥቂት ጥቂት ይቀነሳል። ልጅዎ በመሀል ከኩባንያው ቢለቅ የቀረው ቅናሽ ይቀርበትና ቀሪውን ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ «አስከፍተህ ላክልኝ» የሚለው ቀላል ጥያቄ አንዳንዴ ልጁን ብዙ መቶ ዶላር ሊያስወጣው ይችላል። ይህን ማወቅ ቅሬታን ይቀንሳል።

ጉዳዩ አሜሪካውያንንም አከራክሯል። ስልክን ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት በቅጂ መብት ሕግ የተነሣ እ.ኤ.አ. ከጥር 26 ቀን 2013 በኋላ ለተገዙ ስልኮች ሕገ ወጥ ሆኖ ነበር። ከ114 ሺህ በላይ ሰዎች ለዋይት ሐውስ አቤቱታ ፈረሙ። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2014 ባለቤቱ ስልኩን እንዲያስከፍት የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ግን ኩባንያዎች ስልክ መቆለፋቸውን አልከለከለም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ አዳዲስ ስልኮች ሳይቆለፉ እንዲሸጡ አዘዘች፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ከለከለች። ከእነዚህ አገሮች ተገዝቶ በሚመጣ አዲስ ስልክ ላይ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥምዎትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስልኩ ከመላኩ በፊት ልጅዎን ሦስት ነገር ይጠይቁት።

አንደኛ፣ ዕዳው አልቋል ወይ? ዕዳው ያለቀ ስልክ ለሸጠው ኩባንያ ጥያቄ ቀርቦ ይከፈታል። ዕዳው ቢያልቅም ስልኩ በኩባንያው መስመር ላይ የተወሰነ ጊዜ እንዲሠራ የሚጠይቁ አሉ፤ ደንቡም ስለሚለዋወጥ የወቅቱን ልጁ ራሱ ይጠይቅ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት በሚለው ውስጥ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ጎን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል ከተጻፈ ስልኩ ክፍት ነው።

ሁለተኛ፣ የሲም ማስገቢያ አለው ወይ? ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ሎክ ባይሆንም በእጅዎ ያለውን ሲም ማስገባት አይችሉም። ስልኩ ከመምጣቱ በፊት የአገልግሎት ማዕከል ሄደው ስለ ኢሲም ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ልጁ ሲጠቀምበት የነበረ ስልክ ከሆነ ከአካውንቱ ወጥቷል ወይ? የአፕል ወይም የጉግል አካውንቱን ሳያጠፋ ከላከው፣ እዚህ ሲከፈት የልጁን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይህ ሌላ ዓይነት ቁልፍ ነው።

ሎክ የሆነው ስልክ አስቀድሞ መጥቶ ከሆነም ወደ ጠጋኝ ከመሮጥዎ በፊት *#06# ይደውሉ። የሚወጣውን 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ለልጅዎ ይላኩለት፤ ኩባንያውን ሲጠይቅ ያስፈልገዋል። በየሱቁ «ዲኮድ እናደርጋለን» ከሚሉት መካከል ከሲሙ ጋር ቀጭን ቺፕ ደርበው የሚያስገቡ አሉ። ለጊዜው ይሠራል፤ ስልኩ አፕዴት ሲደረግ ግን ሊቋረጥ ይችላል። የከፈሉት ገንዘብም አይመለስም።

ልጅዎን ለማረስ ወይም የልጅ ልጅ ለማየት ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከዚህ የያዙት ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ስለሆነ፣ ከዚያው ኔትወርክ ጋር የሚስማማ ከሆነ የቅድመ ክፍያ ሲም ገዝተው ይጠቀሙበት። ለጥቂት ወራት ቆይታ ሲባል በልጅዎ ስም የሁለትና የሦስት ዓመት ዕዳ መግባት አያስፈልግም።

ለእናት የሚሆነው ስልክ የግድ አዲስ መሆን የለበትም። ዕዳ ካለበት አዲስ ስልክ ይልቅ ተከፍሎ ያለቀ የሁለት ዓመት ስልክ ይሻላል። በሚቀጥለው ጊዜ ልጅዎ «ምን ዓይነት ስልክ ልላክልሽ?» ሲል «ያለቀለትን» ይበሉት።