ናሳ ከገንዘብ በላይ ያጣው

የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ በ2025 (እ.ኤ.አ.) የገጠመውን ቀውስ ብዙዎች የሚለኩት በበጀት ነው። የትራምፕ አስተዳደር ዕቅድ የተቋሙን ዓመታዊ በጀት ከ24.8 ወደ 18.8 ቢሊዮን ዶላር የሚያወርድ፣ የሳይንሱንም ድርሻ በግማሽ ያህል የሚቀንስ ነበር። ኮንግረሱ አልተቀበለውም፤ በጃንዋሪ 2026 የጸደቀው በጀት ከቀድሞው ብዙም አላነሰም። ይሁንና አደጋው አልፏል ማለት አይቻልም፤ የተጎዳው በገንዘብ የማይጠገን ነገር ነውና።

መጀመሪያ የሄደው ሰው ነው። ወደ 18,000 ከሚጠጉት ቋሚ ሠራተኞች 4,000 ያህሉ፣ ደመወዝ ለጥቂት ወራት እየተከፈላቸው በፈቃዳቸው እንዲለቁ የቀረበላቸውን አማራጭ ተቀበሉ። ቅነሳ ይመጣል እየተባለ የፈረመን ሰው ግን በነጻነት መረጠ ለማለት ያስቸግራል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሠራተኛው የሚጠጋው ማኅበሩን ነው። ሜሪላንድ፣ ግሪንቤልት በሚገኘው ጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል መሐንዲሶችንና ሳይንቲስቶችን ሲወክል የቆየው የባለሙያና የቴክኒክ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነው። ኦገስት 28 ቀን 2025 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ግን ብሔራዊ ደኅንነትን ምክንያት አድርጎ ናሳን፣ ሠራተኞች በማኅበራቸው በኩል እንዲደራደሩ ከሚፈቅደው የኅብረት ድርድር ሕግ ውጭ አደረገው።

የፌዴራል ሠራተኞች ማኅበር ድሮም በደመወዝ ላይ እምብዛም አይደራደርም፤ ደመወዙን የሚወስነው ሕግ ነው። አድማም አይመታም፤ በ1981 የሞከሩት ከ11,000 በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ተባረዋል። ጉልበቱ ሌላ ነው፦ ሠራተኛ ሲመረመር ወኪሉ አብሮት እንዲቀመጥ፣ ቅሬታው በገለልተኛ ዳኛ እንዲታይ ማድረግ። አለቃውን «ይህ ልክ አይደለም» ያለ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ይጠብቀዋል።

ይህ ለናሳ የሕይወት ጉዳይ ነው። በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ክንፏ በጠጠረ አረፋ (ፎም) ቁራጭ ሲመታ፣ መሐንዲሶች ጉዳቱ ፎቶግራፍ እንዲነሣ ጠይቀው ነበር፤ ኃላፊዎቹ ግን አልገፉበትም። በዚያው ጉዳት ሰባት ጠፈርተኞች አለቁ። መርማሪ ቦርዱ ከአረፋው እኩል የተቋሙን ባህል ተጠያቂ አደረገ። ማኅበር ያድናቸው ነበር ማለት አይቻልም። ግን ሥጋቱ አንዴ ችላ የተባለበት መሐንዲስ ደግሞ እንዲናገር የሚያደርገው ከለላ ነው።

ማኅበር ሥራ ያጓትታል ለሚሉ ታሪክ መልስ አለው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በሜይ 1961 ኮንግረሱን «ጨረቃ እንድረስ» ብለው ጠየቁ፤ በጃንዋሪ 1962 ደግሞ ለፌዴራል ሠራተኞች የኅብረት ድርድር መብት በትእዛዝ ዕውቅና ሰጡ። አሜሪካ ጨረቃን የረገጠችው ከዚያ በኋላ ነው።

የተወካዮች ምክር ቤት በዲሴምበር 2025 የፌዴራል ሠራተኞችን የኅብረት ድርድር መብት የሚመልስ ረቂቅ አጽድቋል፤ ሕግ ለመሆን ግን የሴኔቱን ይሁንታ ይሻል። በጀቱን ያዳነ ኮንግረስ ይህንንም ዳር ሊያደርስ ይገባል። ያለዚያ ናሳ ሮኬት የሚገዛበት ገንዘብ ይኖረዋል፤ «አታስወንጭፉ» የሚለው ደፋር ሰው ግን እየሳሳ ይሄዳል።