ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሁሉ እኩል አይደለም፦ ኮቪድ ማንን ሆስፒታል እንደሚያስገባ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ቅዳሜ መጋቢት 4፣ 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተገኘ ልክ አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር። በዚያው ቀን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ላይ ክትባት ተጀመረ።

ያኔ የገባው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ገደማ ነበር። አንድ ሰው ሁለቴ ይከተብ ስለነበር የሚበቃው ለ1.1 ሚሊዮን ሰው ነበር። እኛ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎች፣ ከዚያ አዛውንቶችና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ተብሎ ነበር። እሺ፣ ግን ስኳር ያለበት የ30 ዓመት ወጣትና ስኳር ያለባቸው የ75 ዓመት አባት እኩል ናቸው እንዴ?

አይደሉም። እንግሊዞች ይህንን በቁጥር ለማስላት ሞክረዋል።

🔹 ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ኪውኮቪድ ይባላል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ጁሊያ ሂፕስሊ-ኮክስ የሚመራ ቡድን ነው የሠራው። ከ8 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን የሕክምና ፋይል ወስደው፣ በመጀመሪያው ማዕበል ማን ሆስፒታል እንደገባና ማን እንደሞተ አዩ። ከዚያ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ክብደት፣ ብሔረሰብ፣ የሚኖርበት ሰፈር ድህነትና ያሉበት ሕመሞች አንድ ላይ ተደምረው የአንድን ሰው አደጋ ያወጣሉ። "ኩላሊት" ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ኩላሊቱ የደከመውንና ዳያሊስስ ላይ ያለውን ይለያል።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ማስሊያው ከፍተኛ አደጋ አለባቸው ካላቸው 5 በመቶ ሰዎች መካከል፣ ከጠቅላላው የኮቪድ ሟች ሦስት አራተኛው ያህል ተገኝቷል። ማለትም ያችን 5 በመቶ ቀድመህ ከጠበቅህ ብዙ ሕይወት ታድናለህ።

የካቲት 9፣ 2013 ዓ.ም. እንግሊዝ በዚህ ስሌት 1.7 ሚሊዮን ሰዎችን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ዝርዝር ውስጥ ጨመረች። ከእነዚህ 820 ሺህ ገደማ የሚሆኑት ከ19 እስከ 69 ዓመት ያሉና ክትባት በቅድሚያ እንዲያገኙ የተወሰነላቸው ናቸው።

🔹 ግን ፋይሉ ከተሳሳተስ?

በዚያው ሰሞን ሊቨርፑል ውስጥ አንድ የ32 ዓመት ጤነኛ ጋዜጠኛ ለክትባት ተጠራ። ለምን? 6 ጫማ ከ2 ኢንች የሆነው ቁመቱ ፋይሉ ላይ 6.2 ሴንቲሜትር ተብሎ ተመዝግቦ ነበር! በዚህ ቁመት ሲሰላ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለው ሰው ሆኖ ወጣ። እሱ የተጠራው በተራው የቅድሚያ መስፈርት ነው፤ ትምህርቱ ግን ለማንኛውም ማስሊያ ይሠራል። ኮምፒውተር የሰጡትን ነው የሚደምረው።

🔹 እኛ ጋ የሚያሳስበው ምንድን ነው?

ይህ ስሌት እኛ ጋ እንዳለ ቢመጣ አይሠራም። አንደኛ፣ ቁጥሮቹ የተወሰዱት ከእንግሊዝ ሕዝብ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ እኛ ጋ በብዙ ቦታ ካርዱ ወረቀት ነው፤ ጤና ጣቢያ ስንቀይር አዲስ ካርድ እናወጣለን፣ የድሮው እዚያው ይቀራል። ደም ግፊቱን ለክቶ የማያውቅ ስንቱ ነው? እሱ "ተጓዳኝ ሕመም አለብህ?" ሲሉት "የለብኝም" ይላል። አይዋሽም፤ አያውቅማ።

ስለዚህ ያኔ ዕድሜንና የታወቀ ሕመምን ይዞ መሰለፉ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ግን ይህ አሠራር የተመረመረውን ሰው ነበር የሚያስቀድመው። ሐኪም ቤት ሄዶ የማያውቀው የገጠር አባት ከስኳር ታማሚው የከተማ ሰው የባሰ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት ግን የለውም። ክትባት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ አብሮ ቢደረግ፣ የሚቀጥለው ዙር ክትባት ሲመጣ ማን መቅደም እንዳለበት በደንብ እናውቃለን።

እስከዚያው እጃችን ላይ ያለውን እናድርግ። ዛሬ ቤት ስትገቡ የእናትና የአባታችሁን መድኃኒት ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ግፊታቸውን ካልተለኩ ይዛችኋቸው ሂዱ። ጭንቅ ሲመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

እናንተ ቤት መጨረሻ ግፊት የተለካው መቼ ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን 👇