ውሉ ተለጥፏል፤ ሥራው የት አለ?

የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ለማኅበራት፣ ለኩባንያዎች፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለአካባቢ አስተዳደሮች ከሚሰጠው ገንዘብ ውስጥ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ የሆነው በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ይወጣል። አሠራሩ በ2005 በጀት ታውጆ ተጀመረ፤ በ2019 መረጃ የማግኘት መብት ሕጉ ሲሻሻል ደግሞ የሕግ ግዴታ ሆነ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መሥሪያ ቤቶች ዝርዝሩን ሲያወጡ ለዓመታት አብረው ያተሙት አንድ የተለመደ ቃል ነበር፤ ይህን ይፋ ማድረግ ግልጽነትንና ቁጥጥርን በማሳደግ የመንግሥትን የሥራ አመራር ያጠናክራል የሚል። ስለ ግልጽነት የተባለው በከፊል ልክ ነው። ስለ ቁጥጥር የተባለው ግን ውሃ አይቋጥርም፤ ቁጥጥር የሚጀምረው ይህ ዝርዝር ከሚያበቃበት ነውና።

የዝርዝሩን አንድ ረድፍ ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። የተቀባዩ ሕጋዊ ስም፣ ከተማውና ፖስታ ኮዱ አለ። የውሉ ቁጥር፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የገንዘቡ መጠን፣ የፕሮግራሙ ስም፣ ስለ ሥራውም አጭር መግለጫ ይከተላል። «የሚጠበቅ ውጤት» የሚል ዓምድም አለ። «የተገኘ ውጤት» የሚል ዓምድ የለም። አንድ ማኅበር ሁለት መቶ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ ብሎ ተፈራርሞ ሃያ ብቻ ቢያሠለጥን፣ ሌላው ደግሞ ከተፈራረመው አብልጦ ሦስት መቶ ቢያሠለጥን፣ ከረድፉ ላይ የሚነበበው ያው የተፈረመው ነው። ሐቀኛውና ቸልተኛው በአንድ መልክ ተጽፈው ይቀመጣሉ፤ ይህ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሐቀኛውን ነው።

የገንዘቡ መጠንም ቢሆን አንባቢ እንደሚገምተው የተከፈለው አይደለም፤ በፊርማው ቀን ቃል የተገባው ነው። የተከፈለውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ መዝገብ ማገላበጥ አለበት፤ መንግሥት በየዓመቱ ለፓርላማ የሚያቀርበውን ፐብሊክ አካውንትስ የተባለውን የሂሳብ ሰነድ፣ ሦስተኛውን ቅጽ። እዚያ ደግሞ ስማቸው የሚጠቀሰው 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ የተከፈላቸው ብቻ ናቸው። በሁለቱ ወሰኖች መካከል የሚወድቀው ውል፣ የሠላሳ ሺሁ፣ የስድሳ ሺሁ፣ የዘጠና ሺሁ፣ ቃል መገባቱ ይታያል እንጂ መከፈሉ በስም አይታይም። ብዙ የስደተኞችና የማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚኖሩት ደግሞ በዚሁ መካከል ነው። ችግሩ በዚህ አያበቃም። ውል ሲሻሻል አዲስ ረድፍ ይጨመራል፤ በረድፉ ላይ የሚሰፍረውም ጭማሪው ብቻ ሳይሆን አዲሱ ጠቅላላ ድምር ነው። ይህን የማያውቅ ዜጋ ረድፎቹን ቢደምር አንዱን ዶላር ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቆጥራል። ተቆጣጣሪ ሁን የተባለ ሰው መደመር እንኳ በቅጡ የማይችልበት ሰንጠረዥ ቀርቦለት ቁጥጥሩ ተጠናክሯል ሊባል አይገባም።

ገንዘቡ የሚሰጥበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ግራንትና ኮንትሪቢዩሽን። ግራንት የሚባለው ተቀባዩ ብቁ መሆኑ አስቀድሞ ከተጣራ በኋላ የሚሰጥ ሲሆን፣ በወጪው ላይ የሂሳብ ማወራረድ ግዴታ የለበትም፤ በተለመደው አሠራርም ኦዲት አይደረግም። ኮንትሪቢዩሽን ግን በውል የታሰረ ነው፤ ተቀባዩ ወጪውን ያወራርዳል፣ ሪፖርት ያቀርባል፣ ኦዲተር ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ በኮንትሪቢዩሽን በኩል ሥራው ምን እንደደረሰ የሚናገር ወረቀት በመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ አለ ማለት ነው። ለሕዝብ የሚወጣው ግን ያ ወረቀት ሳይሆን ከእሱ በፊት የተጻፈው የውል ማጠቃለያ ነው።

የገንዘቡ ጉዞም ብዙ ጊዜ በአንድ እጅ አያበቃም። በ2020 በወረርሽኙ ወቅት ለማኅበረሰብ ድርጅቶች የተመደበው 350 ሚሊዮን ዶላር የተከፋፈለው በዩናይትድ ዌይ ሴንትሬይድ ካናዳ፣ በካናዳ ቀይ መስቀልና በኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽንስ ኦፍ ካናዳ በኩል ነበር። እንዲህ ባለው አሠራር በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው የመጀመሪያው ተቀባይ ነው። ምግብ ያከፋፈለው፣ አረጋውያንን በስልክ የጠየቀው፣ ሐኪም ዘንድ ያስተረጎመው ሁለተኛው ተቀባይ እዚያ የለም፤ ማን ምን እንዳገኘ ለማወቅ አከፋፋዮቹ ራሳቸው የሚያወጡትን መረጃ መጠበቅ ግድ ይላል።

በዚህ ዓይነቱ መንገድ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ሰስተይነብል ዴቨሎፕመንት ቴክኖሎጂ ካናዳ የተባለው ፋውንዴሽን አሳይቷል። ከፌዴራል መንግሥት የተሰጠውን ገንዘብ ለአረንጓዴ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ያከፋፍል ነበር። ዋና ኦዲተር ካረን ሆጋን በጁን 2024 ባወጡት ሪፖርት ፋውንዴሽኑ መስፈርቱን ላላሟሉ 10 ፕሮጀክቶች 59 ሚሊዮን ዶላር መፍቀዱን፣ የጥቅም ግጭት ደንቡ ያልተከበረባቸው 90 ጉዳዮች መገኘታቸውንም ገለጹ። መንግሥት ፋውንዴሽኑን ዘግቶ ሥራውን ወደ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ለማዛወር ወሰነ። ነገሩን መጀመሪያ ያወጡት ግን ውስጥ ሆነው ያዩ ጠቋሚዎች ናቸው፤ ያጣሩትም ፋይሉን የመክፈት ሥልጣን ያላቸው ኦዲተሮች። ከዚያ በኋላ የታችኛው ምክር ቤት ሰነዶቹ በሙሉ እንዲቀርቡለት አዘዘ፤ የቀረበለት ግን ተቆርጦና ተሰርዞ ስለነበር በ2024 መገባደጃ ለወራት አብዛኛው ሌላ ሥራው በዚሁ ክርክር ቆመ። የአገሪቱ ፓርላማ በትእዛዝ ያላገኘውን ሰነድ፣ ከሰንጠረዥ በቀር በእጁ ምንም የሌለው ዜጋ ያገኘዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ዝርዝሩ ጭራሽ የማያውቃቸው ደግሞ አሉ፤ አመልክተው የተከለከሉት። በጃንዋሪ 2021 የጥቁር ካናዳውያንን ማኅበረሰቦች ለመደገፍ ከተቋቋመው ፕሮግራም ገንዘብ የጠየቁ በርካታ ድርጅቶች ደብዳቤ ደረሳቸው። ድርጅታችሁ በጥቁሮች የሚመራ መሆኑን የሚያረጋግጥ በቂ መረጃ አላቀረባችሁም የሚል ነበር፤ ደብዳቤው ከደረሳቸው መካከል ጥቁሮች አቋቁመው የሚመሯቸው ድርጅቶች ነበሩ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው የወቅቱ ሚኒስትር አህመድ ሁሴን ደብዳቤው ተቀባይነት የለውም ብለው እንዲታረም አደረጉ። ይህ ሊታወቅ የቻለው ተከልካዮቹ ደብዳቤውን ለአደባባይ ስላበቁት ነው። በቶሮንቶ፣ በኤድመንተን፣ በካልጋሪ ላሉ የሐበሻ ማኅበራት ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ማመልከቻውን በበጎ ፈቃድ ማታ ማታ የሚሞላው ጸሐፊ የሚፈልገው ማን እንዳገኘ ብቻ ሳይሆን፣ የሱ ማኅበር በምን ጎድሎ እንደቀረና በስንት አመልካቾች መካከል እንደተመዘነ ማወቅ ነው።

ዝርዝሩ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ጋዜጠኞች ይፈልጉበታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ማኅበርም የትኛው ፕሮግራም እንደሱ ላሉት እንደሚሰጥ ያይበታል። ነገር ግን በአንድ ዕድር ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ ለማን ስንት እንደተፈቀደ ብቻ አንብቦ ቢቀመጥ፣ ወጪው ይነበብ፣ ደረሰኙ ይቅረብ የሚል ሰው አይጠፋም። ኦዲት ኮሚቴውም ሳይናገር ጉባኤው አይበተንም። በመንግሥት ደረጃ የጎደለው ይኸው የስብሰባው ሁለተኛ ክፍል ነው።

«የተገኘ ውጤት» የሚለው ዓምድ ይጨመር ቢባል ደግሞ ማን ይሞላዋል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በ2000 የሰው ኃይል ልማት ሚኒስቴር በሰጠው ገንዘብ ላይ የውስጥ ኦዲት 459 ፋይሎችን መርምሮ ብዙ ጉድለት ካወጣ በኋላ መንግሥት ደንብ በደንብ ላይ ደራረበ። ጫናው የወደቀው በተቀባዮቹ ላይ ነበር፤ በ2006 የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድንም የደንቡ ብዛት ሥራውን እያነቀ መሆኑን ጠቅሶ እንዲቀነስ መከረ። አዲሱ ዓምድ በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ተጣርቶ የሚሞላ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ተቀባዩ ራሱ የሚጽፈው ከሆነ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ የሚያመለክት ማኅበር ያልተሳካለትን ሥራ አልተሳካም ብሎ ስለ መጻፉ እርግጠኛ መሆን ያዳግታል።