በዓይን የሚመተር ገቢ

በ2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነጋዴ የቀን ገቢ ሲገመት ጩኸቱ በረታ። ሹማምንቱ «ነጋዴው ሽያጩን ከግብሩ ጋር አምታታው» አሉ። እርግጥ ያምታታ ነበር። ግምቱ ራሱስ?

እስቲ ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገብ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ ሴት አስቡ። የከባድ መኪና ሾፌሮች በተሰለፉበት ቀን ገማች ደርሶ 1,700 ብር ጻፈባት እንበል። በ300 ቀን ሲባዛ 510,000 ይሆናል። በጊዜው ሕግ ደግሞ ዓመታዊ ሽያጩ 500,000 የደረሰ ሁሉ ከደረጃ «ሐ» ወጥቶ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ ይገደዳል። መኪና ያልቆመባቸውን ቀኖች ማን ቆጠረላት?

እኛም ከወቀሳ አንድንም። የዕለት ሽያጩን ያልጻፈ ነጋዴ «ሐሰት ነው» ቢል በምን ያስረዳል? የዕቁቡ ደብተር ላይ ሳንቲም አትጎድልም፤ የሱቁ ሂሳብ ግን በጭንቅላት ነው።