እንስሳትን የዘነጋ የአደጋ ጊዜ ስንቅ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር በተደጋጋሚ ስትንቀጠቀጥ ከርማለች። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ መጠናቸው ከ5 የበለጠ፣ በየካቲት ደግሞ 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዝግቧል። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። ክስተቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬና ማጀቴ፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ሰርዶ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሰዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት አጥለቅልቋል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል።

ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ የሚሰጠው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ «ቤተሰብ ለድንገተኛ አደጋ ይዘጋጅ» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ አብሮት የሚቀርበው የዕቃ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የተተረጎመ ነው። የታሸገ ምግብ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮና የእጅ መብራት፣ ሁሉንም የሚጭን መኪና፣ እንስሳ ከተጠቀሰም በቤት ውስጥ የሚኖር አንድ ውሻ ወይም አንዲት ድመት አለ ብሎ ያስባል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በአጭሩ ይህ ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠርና በአነስተኛ ከተሞች የቤተሰብ የአደጋ ጊዜ ዝግጅት ከእንስሳቱ ተነጥሎ ሊታቀድ አይችልም፤ ከእንስሳቱ ጋር ሲታቀድ ደግሞ ኃላፊነቱ የቤተሰቡ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም።

የሦስት ቀን ስሌት

ስፊር በመባል የሚታወቀው የሰብዓዊ ርዳታ መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥና ለምግብ ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ውሃ ይመድባል። አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ በ3 ሊትር ሒሳብ የሦስት ቀን ፍጆታ 45 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሌላ 5 ሊትር ማለት ነው። ክብደቱ ብቻ 45 ኪሎ ግራም ነው። ሕፃን ያዘለች እናትና አንድ አዛውንት ያሉበት ቤተሰብ ይህን ተሸክሞ ዳገት ሊወጣ አይችልም። ከቤቱ አህያ ካለ ግን ሸክሙ የአንድ አህያ ጭነት ነው። እንግዲህ በተተረጎመው ዝርዝር ውስጥ ስፍራ ያላገኘው እንስሳ የዝግጅቱ ዋና ማጓጓዣ ሆኖ ይገኛል።

በምግብ በኩል ማኅበረሰባችን ከማንም የሚማረው ብዙ አይደለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ጭኮ ለረዥም መንገድ የተፈተኑ ስንቆች ናቸው። ሆኖም ሁሉም እኩል አይደሉም። በሶ ያለ ውሃ አይበጠበጥም፤ ድርቆሽም ሳይርስ አይበላም፤ ቆሎ ያስጠማል። ስለዚህ የውሃው መጠን ሲወሰን የስንቁ ዓይነት አብሮ መታየት አለበት። ውሃ በሚያጥርበት ቆላ የሚመከረው ስንቅ ምንጭ ለሚበዛበት ደጋ ከሚመከረው ሊለይ ይገባል። በዘወትር የሚወሰድ መድኃኒት መጠባበቂያ፣ መታወቂያ፣ የጤና መድን ደብተርና የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልለው በአንድ ከረጢት ቢቀመጡ ወጪው ኢምንት ነው፤ ከጠፉ ግን መልሶ ማግኘቱ ወራት ይፈጃል።

እንስሳቱ ሲታከሉ

አሁን ስድስት ፍየሎችን እንጨምር። ይኸው መስፈርት ለትንንሽ እንስሳት በቀን 5 ሊትር፣ ለትልልቆቹ ከ20 እስከ 30 ሊትር ያስቀምጣል። ስድስቱ ፍየሎች በሦስት ቀን 90 ሊትር ይፈልጋሉ፤ ይህም የመላው ቤተሰብ ውሃ እጥፍ ነው። አንዲት ላም ብቻዋን ቢያንስ 60 ሊትር ትጨምራለች። ይህን ያህል ውሃ በየቤቱ አከማችቶ ይዞ መሸሽ የማይታሰብ ነው። ቤተሰቡ ገመድ፣ የአንድ ቀን መኖ፣ የእንስሳቱን ምልክትና የክትባት ወረቀት ሊያዘጋጅ ይችላል። ውሃው፣ የመኖው ክምችትና በረቱ ግን መጠለያው ባለበት ስፍራ አስቀድመው መኖር አለባቸው። የቤተሰብ ዝግጅት የሚያበቃበትና የቀበሌ፣ የወረዳና የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ተቋማት ኃላፊነት የሚጀምርበት ድንበር ይህ ነው።

ድንበሩን መዘንጋት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ሀብቱ፣ የልጆቹ ወተትና የነገ ተስፋው በረት ውስጥ ላለ ሰው «እንስሳቱን ትተህ ውጣ» ማለት «ደኸይተህ ውጣ» ማለት ነው፤ ብዙው አይወጣም፣ ወይም በማግሥቱ ይመለሳል። ነገሩ በበለጸጉ አገሮችም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ብዙ ሰዎች የቤት እንስሶቻቸውን ትተው መሄድ ባለመፈለጋቸው በጎርፉ መካከል ቀርተዋል። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት የአደጋ ጊዜ ዕቅዶች የቤት እንስሳትን እንዲያካትቱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በዚያ ፍቅር ብቻውን ሕግ ካስወጣ፣ በእኛ ዘንድ ፍቅርና መተዳደሪያ አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳዩ ችላ ሊባል አይገባም።

ውሾችም የተለየ ትኩረት ይሻሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ገና ባልጠፋበት አገር ባለቤት አልባ ሆነው በተተዉ መንደሮች የሚቀሩ ውሾች ለተመላሹም ለጎረቤቱም ሥጋት ናቸው። ውሻን አስከትቦ፣ በገመድ ይዞ መውጣት የኅብረተሰብ ጤና ጉዳይ ነው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«የዕለት ጉርሱን ለሚያሳድድ ቤተሰብ የሦስት ቀን ስንቅ አስቀምጥ ማለት ቅንጦት ነው፤ ስለ ፍየል ውሃ ማውራት ደግሞ ይብሳል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው ክፍል እውነትነት አለው። መልሱ ግን ዝግጅቱን መተው ሳይሆን በዕድርና በመሰል ማኅበራት በኩል በጋራ ማድረግ ነው። ድንኳንና ትልልቅ ድስት በጋራ የሚገዛ ማኅበረሰብ ጀሪካን፣ የውሃ ማከሚያና ገመድ በጋራ ሊያስቀምጥ ይችላል። ለሁለተኛው ክፍል መልሱ ቀላል ነው፤ ድሃውን ከርዳታ ጠባቂነት የሚያድነው በሕይወት የተረፈችው ፍየል ናት።

ለተመራማሪዎች የቀረ ሥራ

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአርብቶ አደር አካባቢዎች የእንስሳት ሀብትን ለመታደግ ብሔራዊ መመሪያ ወጥቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያና መስፈርት ታትሟል። ነገር ግን ብሔራዊው መመሪያ ትኩረቱ በዋናነት ድርቅ ነው። ድርቅ ወራትን ሰጥቶ ይመጣል፤ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ግን የሚሰጡት ደቂቃዎችን ነው።

ክፍተቱ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የተመቸ ነው። ከፈንታሌ ዙሪያ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ምን ይዘው ወጡ? ምን ትተው ሄዱ? ማን ወደ ኋላ ቀረ፣ ስለ ምን? በአንድ አህያ ምን ያህል ስንቅ በምን ያህል ጊዜ ይጫናል? መጠለያዎቹ ስንት እንስሳት ያስተናግዳሉ? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አይሹም፤ ሚዛን፣ ሰዓት፣ መጠይቅና ትዕግሥት ይበቃቸዋል። መልሳቸው ሲገኝ የተተረጎመውን ዝርዝር ወደ ጎን አድርገን፣ ከሰዎቹ ቤትና ከበረታቸው የተነሣ የራሳችንን መጻፍ እንችላለን።