ፊቱስ የታለ?

ባለፈው የዓድዋ በዓል ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ፎቶግራፎች ተለጥፈው ነበር። አዲስ አበባ ደርሰው የተመለሱ ጓደኞቻችን ያነሷቸው ናቸው። መካከል ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አለ። ፈረስ አለ፣ ኮቴ አለ፣ ነጭ ሰማይ አለ። ፊቱስ የታለ? በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ጥቁር ወረቀት ነው የሚመስለው። ከሐውልቱ ፊት ልጆች ቆመዋል፤ የጋምቤላዎቹ ልጆች ሸሚዛቸው እንጂ ፊታቸው አይለይም። አንዱ ተመልካች ሳቅ ብሎ፣ «እናንተ እኮ ፎቶ አይወጣላችሁም» አለ። እኛ አልሳቅንም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ሳቅ ነው።

እኛ እንዲህ እንላለን፦ ነሐሱም ጥፋት የለበትም፣ ልጆቹም ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ ሰማዩን ለክቶ ፊትን የረሳው ሰው ነው። ካሜራ አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ሰፊ ብሩህ ሰማይ ካሳየነው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ጥቁሩ ነሐስም ጥቁሩ ፊትም አብረው ይሰጥማሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስልክ ከሆነ ጣትን ሰማዩ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ። ካሜራ ከሆነ ፕላስ 1፣ ካልበቃም ፕላስ 2። ፕላስ 1 ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል፣ ፕላስ 2 አራት እጥፍ። ሰማዩ ይንጣ! ሰማይ ለማየት ማን ፎቶ ያነሳል?

«ካሜራው ነው እንጂ እኛ ምን እናድርግ» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ግማሽ እውነት። ካሜራንም ፊልምንም የሚለካው ሰው ነው። ከ1950ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የኮዳክ ፊልም የቀለም ልኩ የሚስተካከለው «ሸርሊ» በሚባል ካርድ፣ በአንዲት ነጭ ሴት ፊት ነበር። ፊልሙ ጠቆር ያለውን ነገር ለይቶ እንዲያሳይ ወደ መሻሻል የሄደው ደሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «የኛ ዕቃ በፎቶ አይለይም» ብለው ካማረሩ በኋላ ነው። ለቸኮሌት የተደረገው ለሰው ፊት ይነሰው እንዴ?

ሌላው ጠላት እኩለ ቀን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግንባር ያበራል፣ ዓይን ይጨልማል። እኛ ጋምቤላ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ልክ በአናታችን ታልፋለች፤ ስለዚህ ነገሩ አይጠፋንም። ሐውልት የሚነሳው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ላይ የተቀረጹትን የሰማዕታት ምስሎች ያየ ይመሰክራል፤ የጎን ብርሃን ከሌለ የሚወድቀው ሰውና የሚያነሳው እጅ አይለዩም።

አቋቋምም አለ። ከሐውልቱ ሥር ተለጥፎ ወደ ላይ ማንሳት ኮቴውን ተራራ፣ ራሱን ለውዝ ያደርገዋል። ወደ ኋላ ይኬድ፣ ከዚያ ይቅረብ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብንል ከጀግናው አናት የበቀለው የመብራት እንጨት ይጠፋል።

«ጥላም እኮ ውበት ነው» የሚል ገጣሚ እንደማይጠፋ እናውቃለን። አዎ፣ አስቦ ላጠቆረው ውበት ነው። ሳያስብ ላጠቆረው ግን ስንፍና ነው፤ ስንፍናን በቅኔ አንሸፍን።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ። የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ቆመ። ፋሽስት ጣልያን ነቅሎ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ከመሬት ወጥቶ ዳግም ቆመ። ጠላት በአፈር የቀበረውን እኛ በጥላ እንቅበረው? ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን የምንኖር ብዙዎቻችን ያንን ሐውልት የምናውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። የጋምቤላን ሰውም ሌላው አገር የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው። ፊት የሌለው ፎቶ ለሁለታችንም ሐሰተኛ ምስክር ነው።

ስለዚህ ልምምዱ አዲስ አበባ እስክንደርስ አይጠብቅ። ዛሬ በ11 ሰዓት ባሮ ዳር እንውረድ። ፀሐይ እዚህ ከአዲስ አበባ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትጠልቃለች፤ ጊዜ አለን። ጓደኛችንን ማንጎ ሥር እናቁመው፣ ፊቱን እንለካ፣ እናንሳው። ከዚያ ያ የሳቀው ጓደኛችን ይምጣና ማን ፎቶ እንደማይወጣለት ይንገረን።